የውስጥ ኪስ

ሃያ ዓመት ስሰፋ መናኸሪያው በር ላይ፣
መርፌ ስንቴ ወጋኝ፤ አልቆጠርኩም ጉዳይ።
ደሜን በአፌ መጥጬ፣ ክሬን አሳልፌ፣
ፔዳሌን እረግጣለሁ፤ ይሮጣል መርፌ።

ያን ሐሙስ ግን፣
ሐዋሳ ሪፈራል፣ የልጆች ክፍል፣ ሌሊት፣
ሲስተሯ አንዲት ቀጭን መርፌ መዳፌ ላይ አኑራ
"እንግዲህ አባቷ፣ ከነገ ወዲያ ያንተ ነው ሥራ"
ስትለኝ፣ ጣቴ ተንቀጠቀጠ፣
ክር ማስገባት እንዳቃተው ለማጅ፣ እንደ ጀማሪ ልጅ።

ወር ሙሉ ውሃ ስትጠጣ፣ ሌሊት ስትነሳ፣
ዩኒፎርሟን ሁለቴ አጠበብኩ፣ ወገቧ ሲሳሳ።
"ቁመት ልትጨምር ነው" ብዬ ተጽናናሁ።
ሜትሬ ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።

ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ፤ ወሬው ቀድሞ ነበር።
"ከረሜላ አብዝታ ነው" አለ አንዱ፤ ሌላዋ "የዓይን ነገር"።
ኤልዳና ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ትሰማለች፤
ሲወጡ ጠብቃ፣
"አባ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ?" አለች።

"አይደለሽም። እናትሽም፣ እኔም አይደለን።
ማሽኔን ታውቂያት የለ? ጨርቁ ሞልቶ ሳለ፣
መሽከርከሪያው ሲዞር፣ ክር ካለቀ የታል ስፌቱ?
ያንቺም እንዲያ ሆነች፤ ክሯ አለቀ በከንቱ።
እኛ ከውጭ እናቀብላት፣ ጠዋትም ማታም።"
"እስከ መቼ?" አለችኝ።
እዚህ ጋ ልዋሽ ነበር። ምላሴን ነከስኩ።
"ሁልጊዜ" አልኩ።
ጣሪያውን አየች፤ እኔም አብሬ አየሁ።

"አያምም" ብያት ነበር የመጀመሪያው ዕለት።
"ያምማል" አለች ቆጣ ብላ፣ "ያንተ ሆድ ነው እንዴ?"
እውነቷን ነው። የግራ እጄን ዘረጋሁላት፤
ወንፊት የሆነውን፣ የጠነከረውን የጣቴን ጫፍ።
"ይቺ የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ስሰፋ፤
ይቺ የትምህርት ቤት ትዕዛዝ፣ መብራት ሲጠፋ፤
ይቺ... ረሳኋት።"
"ለምን ሥራህን አልተውክም ታዲያ?"
"ቀሚሱ ያልቅ የለ? ያን ቀን ሙሽሪት
ስትስቅ አይቻታለሁ።"
ትንሽ አሰበች። ጣቷን ሰጠችኝ።
"ከመሃሉ አይደለም፣ ከጎኑ ነው፤ ሲስተር ብላለች፤
ሳትሰማ ነው?" ብላ አረመችኝ።

ፍሪጅ የለን። ሁለት ሸክላ ገዛሁ፣ ትልቅና ትንሽ፤
በመሃል አሸዋ፣ ከሐይቁ ዳር ያመጣሁት፤
መድኃኒቱ እዚያ ያድራል፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቅዞ።
አሸዋውን የምታርሰው እሷ ናት፣ በየማለዳው፣
እንደ ችግኝ። አንድ ቀን "መቼ ነው የሚበቅለው?"
አለችኝ፤ ፌዟ መሆኑን ያወቅሁት ስታይ ነው ፊቴን።

እሁድ አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣ አስጠብሼ፣
አጥንቱን እየለቀምኩ ሳጎርሳት፣
አንድ አባ ኮዳ መጥቶ ቆመ፣ ራሰ በራ፣ ሽማግሌ፣
አንገቱ ላይ ያን ከረጢቱን አንጠልጥሎ።
አየችው፤ ትከሻዋ ላይ ያለችውን ቦርሳ አየች፣
መለኪያው፣ መርፌው፣ ጥጡ ያለበትን።
"አባ፣ እሱም እንደ እኔ ነው፤ ይዞ ነው የሚዞረው።
ግን ማንም 'ውይ ምስኪን' አይለውም።"
"ማን ይደፍራል?" አልኳት።
ሳቀች፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ
የመጀመሪያዋ ነበረች።

ማታ ዩኒፎርሟን ዘርግቼ፣ በውስጥ በኩል፣
ከልቧ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ኪስ ሰፋሁ፤
አራት ከረሜላ ልክ።
"ከረሜላ!" አለች፣ "ያ ሰውዬ ቢያይህ!"
"ይሙት ከፈለገ። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያሰጥምሽ፣
ማንንም ሳትጠይቂ ብዪ። መምህርት ጸዳለ ታውቃለች።"

ሰኞ ተመለሰች። ኪሱን ዳበስኩ፤ ሦስት።
ልቤ ወደቀች። "ወረደብሽ? መቼ? ማን ነበረ አጠገብሽ?"
"እኔ አይደለሁም፣ ሜሮዳ ናት፤ ወድቃ አለቀሰች፤
ሰጠኋት። ጥሩ መድኃኒት ነው አልኳት።"

አልተቆጣኋትም።
ምላጬን አንስቼ የኪሱን ስፌት ፈታሁና
በአምስት ልክ መትሬ፣
ድጋሚ ሰፋሁት፤
ኪሱም ሰፋ።